በኪራይ እስቲራሃ ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት

የሪያዱ መላዝ የፎቅ ቤት ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሳዑዲ መንግሥት መሥሪያ ቤቶቹን ወደ ሪያድ ሲያዛውር ለሠራተኞቹ መኖሪያ እንዲሆን የተቆረቆረው ይህ ሰፈር፣ ዛሬ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ በአፓርታማ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ሆኗል። እግር ለማፍታታት የንጉሥ አብደላ መናፈሻ አለ። ሠርግ የሚደገስበት፣ ዒድ በጋራ የሚዋልበት፣ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ስትሠራ የሰነበተች እህት ጫማዋን አውልቃ የምታርፍበት ግቢ ግን የለም። ብዙ ሐበሻ ከከተማ ወጣ ብሎ በሱማማ፣ በጀናድሪያ ወይም በሐኢር አቅጣጫ እስቲራሃ፣ ማለትም ለዕረፍትና ለድግስ የሚሆን ግቢ፣ የሚከራየው ለዚህ ነው።

አንዳንዱ ለአንድ ሌሊት ብቻ ይከራያል። እንደ እድር ተደራጅቶ፣ ወር በወር እያዋጣ ግቢውን ለዓመት የሚይዝም አለ። ይህ ጽሑፍ የዓመት ውል ይዛችሁ ግቢውን ማሻሻል ለጀመራችሁ ኮሚቴዎች ነው። የምላችሁ ነገር አጭር ነው፦ መጀመሪያ ሕይወት የሚጠብቀውን፣ ቀጥሎ ሰው ተመችቶት እንዲውል የሚያደርገውን፣ በመጨረሻ ዓይን የሚማርከውን ሥሩ። መሬቱ የሰው ነውና እያንዳንዱን ግዢ «ስንወጣ ይዘነው እንወጣለን ወይ? ካልሆነስ ውሉ ሳያልቅ ዋጋውን ይመልሳል ወይ?» ብላችሁ ፈትኑት።

1. ግቢውን ለመመርመር ብቻ ሂዱ

ድግስ በሌለበት ቀን ሦስት ወይም አራት ሰው ሆናችሁ ሂዱ። ከመካከላችሁ ቢያንስ ሁለቱ ሴቶች ይሁኑ። እኩለ ቀን ላይ ደርሳችሁ እስኪመሽ ቆዩ፤ ጥላ የሌለው ቦታ የሚታወቀው በቀትር፣ መብራት የሌለው መተላለፊያ የሚታወቀው በጨለማ ነውና።

የግቢውን ንድፍ በወረቀት ላይ ሣሉ፦ በሩ፣ የወንዶቹ መጅሊስ፣ የሴቶቹ ክፍል፣ ወጥ ቤቱ፣ መጸዳጃዎቹ፣ መዋኛው፣ የውሃ ኸዛኑ (ማጠራቀሚያው)፣ ቢያራው (የፍሳሽ ጉድጓዱ)፣ የመብራት ሳጥኑ። ከዚያ ሁሉንም በእጃችሁ ሞክሩ። ቧንቧዎቹን በአንድ ጊዜ ክፈቱና ዳይናሞው (የውሃ መግፊያው) ይችል እንደሆነ እዩ። መጸዳጃዎቹን ሁሉ ልቀቁ። ሙከይፎቹን (የአየር ማቀዝቀዣዎቹን) በሙሉ አብሩና ብሬከሩ ይወድቅ እንደሆነ ጠብቁ። የኸዛኑን ክዳን አንሡና ውስጡን በባትሪ ተመልከቱ። ያያችሁትን ጉድለት በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ በንድፉ ላይ በቁጥር አስፍሩ። ይህ ፎቶ ኋላ ላይ ከአከራዩ ጋር ስትነጋገሩም፣ ግቢውን ስታስረክቡም ማስረጃችሁ ነው።

የመሬቱን አቀማመጥም አትርሱ። ሪያድ በዓመት የምታገኘው ዝናብ ወደ 100 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን አንዳንዴ ብዙው በአንድ ቀን ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2010 እና በኅዳር 2013 ከተማዋን ያጥለቀለቀው ጎርፍ እንዲህ ያለ ነበር። ግቢያችሁ በደረቅ ወንዝ መሄጃ ላይ ወይም አጠገቡ ካለ ምንም ዓይነት ማሻሻያ አያድነውም። የሚሻለው ውሉ ሲያልቅ ሌላ መፈለግ ነው።

2. የሚጠቀሙበትን ሰዎች ጠይቁ

ኮሚቴ ብዙውን ጊዜ የወንዶች ነው፤ ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ ወደ ወንዶቹ መጅሊስ ይሄዳል። ትልቅ ስክሪን፣ አዲስ ምንጣፍ፣ የአረብ ፍራሽ ይገዛል። ሪያድ ያሉ እስቲራሃዎች በአብዛኛው የወንድና የሴት ተብለው የተከፈሉ ናቸው። እንጀራው የሚጋገረው፣ ሕፃናቱ የሚተኙት፣ ዕቃው የሚታጠበው በሴቶቹ በኩል ነው። ብዙ ሥራ ያለበት ቦታ ጥቂት ገንዘብ ሲደርሰው ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ በየቤቱ ደውሉ፦ «ባለፈው ስንሄድ ያስቸገረሽ ምን ነበር?»፣ «ለልጅሽ የፈራሽው ነገር አለ?»፣ «ምን ቢኖር ረዘም አድርገሽ ትቆዪ ነበር?» አዛውንቶችን ስለ ደረጃና ስለ መጸዳጃ ጠይቁ። ከጁምዓ በስተቀር ዕረፍት የሌላቸውን የቤት ሠራተኞች ደግሞ ለብቻ ጠይቁ፤ በስብሰባ ላይ የማይናገሩትን በስልክ ይናገራሉ። አንድ ዓይነት መልስ ከአምስት ሰው ከሰማችሁ የሥራ ዝርዝራችሁ አናት ላይ ይቀመጥ።

3. ውሉንና ሕጉን አጣሩ

አንድ ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ውሉን አረብኛ በሚችል ሰው አስነብቡ። ተከራይ ሆኖ የፈረመው ሰው ኢቃማው (የመኖሪያ ፈቃዱ) የጸና ይሁን፤ ውሉም በ«ኢጃር» የኪራይ ውል መድረክ የሚመዘገብ ከሆነ ይመዝገብ። ከአከራዩ ጋር በአፍ የተባባላችሁትን በጽሑፍ አድርጉት፤ የአማርኛ ቅጂ ለአባላት ማስረጃ ይሁን እንጂ በፍርድ ቤት የሚሠራው የአረብኛው ነው። በጽሑፉ አራት ነገር ይስፈር፦ ምን እንደምትሠሩ፣ የቱን ወጪ አከራዩ እንደሚሸፍን፣ ስትወጡ የቱን እንደምትነቅሉና የቱ ለግቢው እንደሚቀር።

ቢያራ፣ ዋናው የመብራት መስመር፣ ኸዛንና ጣራ የባለቤቱ ኃላፊነት እንዲሆኑ ተደራደሩ። ብዙ አከራይ ጥሬ ገንዘብ ባይሰጥም ከኪራይ ላይ ይቀንሳል። ግድግዳ መጨመር ወይም ክፍል መሥራት ግን የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ የሚጠይቅ ነው፤ ፈቃዱንም በ«በለዲ» መድረክ መጠየቅ ያለበት ባለቤቱ ነው። እናንተ ከጥገናና ከተንቀሳቃሽ ዕቃ አትለፉ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በሳዑዲ ለሕዝብ ጥሪ አድርጎ ገንዘብ መሰብሰብ ፈቃድ ላላቸው ድርጅቶች ብቻ የተተወ ነው። ወጪው ግቢውን በሚጠቀሙት አባላት መካከል ብቻ የሚካፈል ይሁን፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ «እርዱን» ብላችሁ አታውጡት። ሁለተኛ፣ ሥራውን ሕጋዊ ወረቀት ላለው ባለሙያ ስጡ። በርካሽ ተገኘ ተብሎ ወረቀት የሌለውን ወንድም ጣራ ላይ ማውጣት እሱንም እናንተንም ለአደጋ ያጋልጣል።

4. ውሃውንና መጸዳጃውን በቁጥር ሥሩ

በግምት አትሂዱ። በሰብዓዊ እርዳታ ሥራ ላይ የሚውለው ዓለም አቀፉ የስፊር መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ፣ ለ20 ሰው ቢያንስ አንድ መጸዳጃ ይላል። ይህ ችግር ላይ ላለ ሰው የተቀመጠ ዝቅተኛ ልክ ነው። ድግስ ላይ ዕቃ ይታጠባል፣ ውዱእ ይደረጋል፣ ልጆች ከመዋኛ ወጥተው ይታጠባሉ፤ ስለዚህ ለአንድ ሰው 50 ሊትር ያዙ። 60 ሰው ለአንድ ቀን 3,000 ሊትር ይፈልጋል ማለት ነው። የኸዛኑን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀት በሜትር ለክታችሁ አባዙት፤ አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነው። ካነሰ ዋይቱ (የውሃ ቦቴው) ከድግሱ በፊት ባለው ቀን ይጠራ፤ ጁምዓ ማታ ዋይት መጠበቅ የድግሱን ምሽት ያበላሻል።

ኸዛኑ በዓመት ሁለት ጊዜ ተጠርጎ ይታጠብ፤ ክዳኑም አቧራ የማያስገባ፣ ልጅ የማይከፍተው ይሁን። ለመጠጥ የታሸገ ውሃ አቅርቡ።

መጸዳጃን በተመለከተ ያው መመሪያ በጋራ ቦታ ለሴቶች የሚሆነው ከወንዶቹ ሦስት እጥፍ እንዲሆን ይመክራል፤ ሴት ሕፃን ይዛ ትገባለች፣ ልብሷም ጊዜ ይወስዳል። ሦስት መጸዳጃ ካላችሁና ሁለቱ በወንዶቹ በኩል ከሆኑ፣ ያለ ምንም ግንባታ አንዱን ወደ ሴቶቹ አዙሩት፤ መጋረጃና መቀርቀሪያ ይበቃል። ለአዛውንቶች ቢያንስ አንዱ ባለ መቀመጫ ይሁን፤ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ይገጠም፣ ወለሉም የማያንሸራትት ይሁን። ቢያራው ከመሙላቱ በፊት የሚመጠጥበትን ቀን በቀን መቁጠሪያ ላይ ጻፉ።

5. የመብራቱን ጭነት ደምሩ

አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። በሳዑዲ በቆዩ ግቢዎች ውስጥ ሁለት ዓይነት ሶኬት ታገኛላችሁ፤ አንዱ 127 ቮልት፣ ሌላው 220 ቮልት ነው። ከአገር ቤት የመጣው የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚፈልገው 220 ነው። 127 ላይ ቢሰካ የሚሰጠው ሙቀት ሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ ምጣዱ አይግልም፣ ሊጡ ዓይን ሳያወጣ ይደርቃል፣ ጋጋሪዋም «ሊጡ ነው» ብላ ራሷን ትወቅሳለች። ችግሩ ግን ሊጡ ላይ አይደለም። ባለሙያ እያንዳንዱን ሶኬት ይለካና 220ው ላይ ቀይ፣ 127ቱ ላይ ሰማያዊ ቴፕ ይለጥፍ። ዋጋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

ቀጥሎ ጭነቱን ደምሩ። ለምሳሌ እያንዳንዳቸው 2 ኪሎ ዋት የሚወስዱ አራት ሙከይፎች 8፣ እያንዳንዳቸው 3.5 የሆኑ ሁለት ምጣዶች 7፣ ሁለት የውሃ ማሞቂያ 3፣ ማቀዝቀዣና መብራት 1፤ ድምሩ 19 ኪሎ ዋት ይሆናል። ዋናው ብሬከር 60 አምፔር፣ መስመሩም ባለ አንድ ፌዝ 220 ቮልት ከሆነ የሚችለው 13.2 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። እንዲህ ሲሆን ብሬከሩን በትልቅ መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ ሽቦው ካልተቀየረ እሳት ነው የሚያመጣው። ፕሮግራም አውጡ፦ እንጀራው በማለዳ፣ ሙከይፎቹ ሳይበሩ ይጋገር፤ ማሞቂያዎቹ ምጣዱ ሲጠፋ ይብሩ።

ለምጣዱ የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይዘርጋለት። በማራዘሚያ ገመድ ምጣድ መሰካትን ፈጽሞ ከልክሉ። እጅ በሚረጥብበት ወጥ ቤትና በመዋኛው ዙሪያ ያሉት መስመሮች ኤሌክትሪክ ሰው ሲነካ በቅጽበት የሚቆርጥ መሣሪያ እንዲኖራቸው አስደርጉ። ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነና ቢሉን ማን እንደሚከፍልም አብራችሁ አጣሩ።

6. ወጥ ቤቱንና የቡናውን ቦታ አስቡበት

የጋዝ ሲሊንደሩ ከክፍሉ ውጭ፣ በጥላ ሥር፣ ቆሞ ይቀመጥ። ጎማው ከተሰነጣጠቀ ወዲያው ይቀየር። መገጣጠሚያውን በየጊዜው በሳሙና ውሃ ፈትሹ፤ አረፋ ከወጣ ጋዝ እያመለጠ ነው።

ቡናችን ደግሞ በሪያድ ብርድ ወራት የራሱ አደጋ አለው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። መጅሊሱ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ረከቦቱ መካከል ላይ ይቀመጣል፣ ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ሦስተኛው ከተጠጣ በኋላም ፍሙ «ክፍሉን ያሙቅልን» ተብሎ ይተዋል። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ሰው ድካም ይመስለዋል፣ ጋደም ይላል፣ ሳይነቃ ይቀራል። በሳዑዲ በድንኳንና በተዘጋ ክፍል ውስጥ በዚህ ምክንያት ቤተሰብ የሚያልቅበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ለቡናው የራሱን ቦታ ሥሩለት። ሁለት ወገኑ ክፍት የሆነ በረንዳ ምረጡ፤ ነፋስ የሚመጣበትን አንዱን ጎን ብቻ በሸራ ከልሉት፤ ወለሉ ላይ ሴራሚክ ወይም ቆርቆሮ አንጥፉ፤ አመድ የሚደፋበት ክዳን ያለው የብረት ባልዲ አስቀምጡ። ማንም ፍም ይዞ ወደ መኝታ ክፍል እንዳይገባ ደንብ አውጡ። በየመኝታ ክፍሉ በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ስቀሉ፤ ስትወጡ ነቅላችሁ የምትወስዱት ዕቃ ነው።

7. መዋኛውን እጠሩ፤ ለእሳት ተዘጋጁ

ልጅ ሲሰጥም አይጮህም። አዋቂ ሰላምታ በሚለዋወጥበት ደቂቃ ነገሩ ያልቃል። በጀታችሁ አንድ ነገር ብቻ የሚችል ከሆነ ያ ነገር የመዋኛ አጥር ይሁን፤ ቁመቱ ከ1.2 ሜትር ያላነሰ፣ ልጅ የማይወጣበት፣ በሩ ራሱ የሚዘጋና መቀርቀሪያው ከፍ ያለ። ተነቃይ የመረብ አጥር ብትመርጡ መሬቱ ውስጥ የሚቀረው የካስማ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ሌላ ግቢ ስትይዙ ይከተላችኋል።

ከአጥሩ ጋር ተራ አውጡ፦ ውሃው ላይ ልጅ ባለበት ሰዓት ሁሉ ስልክ ያልያዘ አንድ ዋናተኛ አዋቂ ይቀመጥ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ይቀያየር። መሐል ወለሉ ላይ ያለው መምጠጫ ክዳኑ የጠበቀ ይሁን። የውሃው ክሎሪን በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም፣ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8 መሆኑን በመመርመሪያ ወረቀት ለኩ። የመዋኛው ወለል ጥርት ብሎ ካልታየ ማንም አይግባ።

ለእሳት ደግሞ በወጥ ቤቱ በርና በየክፍሉ መግቢያ ማጥፊያ ስቀሉ፤ የእሳት መከላከያ ብርድ ልብስ ከምድጃው አጠገብ ይኑር። ተቆልፎ የሚውል ሁለተኛ በር ካለ ሰው በሚያድርበት ሌሊት ቁልፉ በሩ ላይ ይዋል። እስቲራሃ ከዋናው መንገድ ራቅ ያለ ነውና የግቢውን አጭር ብሔራዊ አድራሻ፣ ማለትም አራት ፊደልና አራት አኃዝ ያለውን፣ በትልቁ ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። ከሥሩ 911 ለማንኛውም አስቸኳይ ጥሪ፣ 997 ለቀይ ጨረቃ አምቡላንስ፣ 998 ለእሳት አደጋ ብላችሁ አክሉ። አረብኛ የሚችል ሰው በሌለበት ሰዓት እንኳ ልጅ አንብቦ ሊናገረው ይችላል።

8. ሥራውን በወቅቱ ቀጥሩ

በሪያድ የሥራ ቀን መቁጠሪያ የሚያወጣው አየሩ ነው። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው። በእነዚያ ወራት መርምሩ፣ ዋጋ ጠይቁ፣ ተደራደሩ። ከባዱን ሥራ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ጨርሱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ግቢው የሚደምቅበት ጊዜ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት አቧራ ያስነሳል፤ የሙከይፍ ማጣሪያ የሚታጠበው፣ የጥላ ሸራ የሚጠብቀው ያኔ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ ቀኑን አስቀድማችሁ እዩና በዚያ ወር ሥራ አትቅጠሩ፤ የማታውን የኢፍጣር ስብሰባ ግን አስቡ።

ሙከይፍ መግዛት ካለባችሁ ለበረንዳና ለወጥ ቤት በውሃ የሚያቀዘቅዘውን ተመልከቱ። የሪያድ አየር ደረቅ በመሆኑ በሚገባ ይሠራል፣ ጥቂት መብራት ይወስዳል፣ ጎማ ካለው ደግሞ በዴይና (በአነስተኛ የጭነት መኪና) ተጭኖ ይወጣል።

9. በጀቱን በግልጽ አስቀምጡ

10,000 ሪያል አላችሁ እንበል። መጀመሪያ 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ አስቡ፤ በእጃችሁ ያለው የሚገዛው ወደ 8,695 ሪያል የሚያወጣ ዕቃና ሥራ ነው። ዋጋ ስትጠይቁ «ከታክሱ ጋር ነው ወይስ ያለ ታክሱ?» ማለትን ልማድ አድርጉ። ከበጀቱ ግማሹን ለደኅንነት፣ ሲሶ ያህሉን ለምቾት፣ የተረፈውን ለመጠባበቂያና ለውበት ክፈሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ ከሦስት ቦታ ዋጋ ውሰዱ።

ውድ የሚመስለውን ነገር በወርና በቤተሰብ ከፋፍሉት። 2,400 ሪያል የሚፈጅ አጥር ለ12 ወር ውል በወር 200 ነው፤ 40 ቤተሰብ ከሆናችሁ ለአንድ ቤት በወር 5 ሪያል ይደርሳል። በስብሰባ ላይ «ተወደደ» የሚለውን ክርክር የሚዘጋው እንዲህ ያለ ስሌት ነው።

ገንዘብ ያዡና ገዢው አንድ ሰው አይሁኑ። ደረሰኝ ሁሉ በፎቶ በቡድኑ ዋትስአፕ ይለጠፍ። የተገዛው ዕቃ በመዝገብ ይግባ፦ ስሙ፣ ዋጋው፣ ቀኑ፣ «የሚነቀል» ወይም «የሚቀር» መሆኑ። በስደት ሰው በድንገት አገር ይገባል፤ ሒሳቡ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ከሆነ አብሮት ይሄዳል፣ ከኋላው ሐሜት ይቀራል። መዝገብ የማኅበሩንም የሰውየውንም ስም ይጠብቃል።

10. ጠባቂ መድቡለት

ያለ ተረካቢ የተሠራ ነገር ዓመት አይደፍንም። አንድ ሰው የውሃ፣ አንድ ሰው የመብራት፣ አንድ ሰው የመዋኛ ኃላፊ ይሁን፤ ስማቸው ግድግዳ ላይ ይጻፍ። በየድግሱ ማብቂያ የሚሞላ አንድ ገጽ ዝርዝር አዘጋጁ፦ ጋዝ ተዘግቷል፣ ምጣድ ተነቅሏል፣ ፍም በውሃ ጠፍቷል፣ የመዋኛው በር ተቆልፏል፣ ቆሻሻ ወጥቷል፣ የተበላሸው ነገር ይህ ነው። በየሦስት ወሩ ስብሰባ ጠርታችሁ ዝርዝሮቹን አንብቡ፤ ደጋግሞ የሚመጣው ብልሽት የሚቀጥለው በጀት መነሻ ይሆናል።

ለዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ ያዙ፦ ለምርመራው የሚሄዱትን ሰዎች ምረጡ፣ ውሉን አስነብቡ፣ የመዋኛ አጥር ዋጋ ጠይቁ። ስክሪኑና ምንጣፉ ይቆዩ። ሐሙስ ማታ የሰው ዕቃ ስታጥብ አምሽታ ጁምዓ ወደ ግቢው የምትመጣ እህት የሚገባት ንጹሕ መጸዳጃ፣ የሚግል ምጣድና ልጆች ሳይሰጉ የሚጫወቱበት ቦታ ነው። ኮሚቴው ሥራውን በደንብ መሥራቱ የሚታወቀውም በዚህ ነው።